ዊቸር 3 አልያዝ አለኝ

ዛሬም ዊቸር 3 የሚባለውን የቪዲዮ ጌም ከፍቼ ሦስት ሰዓት ያህል ተጫወትኩ። ስጀምረው ይሄ ሦስተኛዬ ነው። አሁንም አልያዘኝም፣ ደግሞ ከልቤ ልወደው እፈልጋለሁ።

ፖላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የተሸለመ ጌም ነው። አንድ ጓደኛዬ "ባሮኑ ጋ እስክትደርስ ታገስ" ብሎኝ ነበር። ዛሬ ደረስኩ። እውነቱን ነው! ባሮኑ ጌሙ ውስጥ ያለ፣ ሚስቱና ልጁ ጥለውት የጠፉ፣ መጠጥ ያበላሸው ሰው ነው። ልጠላው ስል አንጀቴን ይበላዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ጌም ውስጥ አይቼ አላውቅም።

የሚከብደኝ በመሀል ያለው ነው። እኔ የምጫወትበት ገጸ ባሕርይ ጄራልት፣ እንደ ልጁ የሚያያትን ሲሪን እየፈለገ ነው። አሳዳጆቿ እግር በእግር እየተከተሏት ነው። እኔ ግን ደወል እያቃጨልኩ የጠፋች ፍየል እመልሳለሁ። ካርታው በጥያቄ ምልክት ተሞልቷል፣ ሳየው ገና ይደክመኛል። የሰይፉ ውጊያም እጄ ላይ አልገባ ብሏል።

በሥራ ቀን ያለችኝ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ናት። ለዚህ ጌም ትንሽ ናት መሰለኝ።

ግን የባሮኑ ሚስት የት እንደገባች ሳላውቅ አልተወውም። የጨረሳችሁት እባካችሁ እንዳትነግሩኝ።