ጨፌ ላይ የሚጥሉ ወፎችና የከብት ሰኮና

በደብረ ብርሃን ዙሪያና በመንዝ ደጋ ያሉ ጨፌዎችን የሚያዘወትር ሰው ደረተ ነጠብጣቡን ላፕዊንግ ሳያየው አይቀርም። ይህ አናቱ ጥቁር፣ ደረቱ ዥጉርጉር የሆነ ወፍ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይገኝም። እንደ አብዛኞቹ የውኃ ዳር ወፎች መሬት ላይ ስለሚጥል፣ የዕንቁላሉ ዕጣ በአመዛኙ የሚወሰነው ቦታ በተመረጠበት ዕለት ነው።

የላፕዊንግ ጎጆ የሚባለው በደረት ተገፍቶ የተሠራ ስርጉድ ነው፤ ጥቂት ደረቅ ሣር ይጣልበታል። ብዙውን ጊዜ እስከ አራት የሚደርሱት ዕንቁላሎች ሹል ጫፋቸውን ወደ መሐል አድርገው ይቀመጣሉ፤ ቡናማው መደባቸውና ጥቁር ነጠብጣባቸው ከእበትና ከአፈር ጓል ስለማይለይ፣ ኩበት ለቀማ የወጣ ሰው አጠገባቸው ደርሶ ሳያያቸው ያልፋል።

ሣሩ አጭር ሲሆን በጎጆዋ የተቀመጠችው ወፍ ውሻንም ቀበሮንም ከሩቅ አይታ ቀድማ ትነሣለች፤ ሣሩ ሲረዝም መደበቂያ ታገኛለች፣ ጠላቷን የምታየው ግን አጠገቧ ሲደርስ ነው። ላፕዊንጎች መከላከያቸው መጮህና ማባረር በመሆኑ በአብዛኛው አጭሩን ሣር ይመርጣሉ። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ እየሮጡ ራሳቸው መመገብ ስለሚጀምሩ እርጥብ መሬት ቅርብ መሆን አለበት፤ በጣም የቀረበ ጎጆ ደግሞ ክረምት ሲገባ በአንድ ሌሊት በውኃ ይዋጣል። ስለዚህ ተስማሚዋ ቦታ ከጨፌው ዳር ያለች ትንሽ ጉብታ ናት፤ ያችን ጉብታ ግን በግም ይወዳታል።

ሣሩን አሳጥሮ ሜዳውን ለወፉ የሚያመቻቸውም፣ ዕንቁላሉን የሚሰብረውም ያው መንጋ ነው። ግጦሽን ጨርሶ መከልከል እንደ መፍትሔ ሲቀርብ የማልስማማው በዚህ ምክንያት ነው። በኔዘርላንድ የግጦሽ መስኮች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ጉዳቱ እንደ ከብቱ ብዛትና ዓይነት ይለያያል፤ ከወተት ላሞች ይልቅ ጊደሮችና ወይፈኖች ብዙ ጎጆ ይረግጣሉ። የጋራ ግጦሽን የሚያስተዳድረው የመንዝ ባህላዊ ደንብ፣ የቀሮ ሥርዓት፣ ጓሳ የሚባለውን የሣር ደጋ ለዓመታት ዘግቶ በስምምነት ይከፍት ነበር፤ የፈረሰው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። አባቶች ይህን ያደረጉት ለሣሩ እንጂ ለወፍ አስበው አይደለም፤ ሆኖም ወፉን የሚጠቅመው ያው ጊዜ የመለየት ጥበብ ነው።

ወደ ጀማ ወንዝ ሲወረድ ሌላ ስልት አለ። የግብፅ ፕሎቨር የሚባለው ወፍ ውኃው በሚጎድልበት ወራት በወንዝ ውስጥ ደለል ላይ ጥሎ ዕንቁላሉን በአሸዋ ይሸፍናል፤ ሙቀቱ ሲበረታም የሆዱን ላባ ውኃ ነክሮ ያረጥበዋል። ይህን በዝርዝር ያጠናው ቶማስ ሃወል ሲሆን፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመው ሥራው የተካሄደው ጋምቤላ ላይ ነበር።

የትኛው ቦታ እንደሚሻል ለማወቅ የተፈለፈሉትን ጎጆዎች መቁጠር አይበቃም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጠፋ ጎጆ ማንም ሳያየው ስለሚቀር ውጤቱ ከእውነታው ያምራል። የወፍ አጥኚው ሃሮልድ ሜይፊልድ በ1961 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ስሌቱን በቀን ያደርገዋል፦ አንድ ጎጆ በየቀኑ የመትረፍ ዕድሉ 96 በመቶ ቢሆን፣ በ28 ቀን መታቀፊያ መጨረሻ የሚተርፈው 32 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ከእንግዳ ተመራማሪ ይልቅ እዚያው የሚውለው እረኛ ይሻላል፤ የሚጠበቅበት ጎጆውን ያገኘበትን ቀንና መጨረሻ ደህና ያየበትን ቀን መያዝ ነው።