ለላሞቹ የተከፈለው ካሳ

ዛሬ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ውስጥ፣ የማውቃቸው አንድ ወተት አምራች ገበሬ ጋር ዋልኩ። ላሞቻቸው ለሳንባ ነቀርሳ ከተመረመሩ ሦስተኛ ቀን ነው። ሐኪሙ የተወጋውን የአንገት ቆዳ ቆንጠጥ እያደረገ ውፍረቱን ይለካል። ሰውየው ቃል አልተነፈሱም። የተወሰኑት በሽታው ተገኘባቸው፤ አንዷ እርጉዝ ናት። የተገኘባቸው ሁሉ ይታረዳሉ።

መንግሥት ካሳ ይከፍላል። ግን እንግሊዝ ውስጥ ካሳው የሚወጣው ከሠንጠረዥ ነው። ዕድሜዋ፣ ፆታዋ፣ የወተት ወይም የሥጋ መሆኗ፣ ዘሯ መመዝገቡ ይታይና አማካይ የገበያ ዋጋ ይሰጣል። «እኔ አማካይ ላም የለኝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው! ጥሩ የምትታለብ ላም ለማግኘት ስንት ዓመት ዘር ሲመርጡ ኖረዋል። የሚቀረውን ወተትማ ማንም አይክሳቸውም።

በሽታው ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ቁጥጥሩን እደግፋለሁ። እሳቸውም አይቃወሙም። ግን ለሁላችን ጤና ሲባል የሚመጣውን ኪሳራ አንድ ቤተሰብ ለምን ይሸከመው? ቀጣዩ ምርመራ ቢያንስ ከ60 ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ እንደልብ መሸጥ ስለማይቻል፣ ሊሸጧቸው ያሰቧቸው ጥጆች እዚያው መኖ ሲበሉ ይቆያሉ።