የተመረጠው ጀግና መሣሪያውን ሲጥል

እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ማለቂያ አካባቢ ሉክ አባቱን ዳርዝ ቬደርን መትቶ ጥሎታል። የአባትየው ቀኝ እጅ ከአንጓው ተቆርጧል፤ ከተቆረጠው ጫፍ የሚታየው ሥጋና አጥንት ሳይሆን ሽቦ ነው። ከኋላ የቆመው ንጉሠ ነገሥት ግደለውና ቦታውን ያዝ እያለ ይገፋፋዋል። ሉክ አይመልስም። የአባቱን እጅ ያያል፤ ቀጥሎ በጥቁር ጓንት የተሸፈነውን የራሱን ቀኝ እጅ ያያል። እሱም ሰው ሠራሽ ነው፤ በቀደመው ፊልም የቆረጠበት ይኸው አባቱ ነው። ከዚያ ሰይፉን ወዲያ ወርውሮ ይጥለዋል።

ስለ «ተመረጠ» ጀግና ከተሠሩት የመዝናኛ ሥራዎች ሁሉ ደጋግሜ የምመለስበት ትዕይንት ይህ ነው። መምህራኑ ሉክን ያዘጋጁት አባቱን እንዲገጥም ነው። ገጠመ፣ አሸነፈም። የለቀቀው ድሉ እጁ ከገባ በኋላ ነው። መመረጡ የሌሎች ሥራ ነበር፤ ሰይፉን መጣሉን ግን ማንም አላዘዘውም። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚች ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ምርጫውን ማሳመር አይከብድም፤ አንድ ትንቢትና አንድ ጠባሳ ይበቃዋል። ጭንቁ መልቀቁን መጻፍ ነው።

በአማርኛ ሲሆን ችግሩ ገና ከቃሉ ይጀምራል። እንግሊዝኛው «ሰረንደር» ብሎ የሚያልፈውን እኛ ቢያንስ አራት ቦታ እንከፍለዋለን። «እጁን ሰጠ» ካልን ተሸነፈ ማለታችን ነው፤ የጦር ሜዳ ቃል ነው፣ ሀፍረት አለበት። «ተማረከ» ካልን ፈቃዱን የጠየቀው የለም። «አሳልፎ ሰጠ» ስንል ይሁዳ ትዝ ይለናል፤ «ራሱን» የምትለዋን ከፊቱ ስናስገባ ግን ያው ክህደት የነበረው መሥዋዕትነት ይሆናል። «ይሁን አለ» ከሦስቱም ይለያል። የተሸነፈም ያልተሸነፈም ሰው ሊለው ይችላል፤ የሚናገረው ስለ ጉልበት ሳይሆን ስለ ፈቃድ ነው።

ይህን ልዩነት ተመልካቻችን በደሙ ያውቀዋል። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገር ነበር፤ የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ያንን ስም የንግሥና ስማቸው አደረጉት። ትንቢቱን ስም አድርጎ መልበስ ማለት ይህ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር ደግሞ እጃቸውን ከመስጠት ሽጉጣቸውን ጠጡ። ቴአትሩም ዘፈኑም ሥዕሉም አጥብቆ የያዘው ያችን ሰዓት ነው። እንግዲህ የተመረጠ ሰው ማለት እጁን የማይሰጥ ሰው ነው ብሎ ላደገ ተመልካች መሣሪያውን የሚጥል ጀግና ስናቀርብለት፣ ስክሪፕቱ አስቀድሞ ካላዘጋጀው በቀር የሚያየው ፈሪ ነው። ተመልካቹ አልተሳሳተም፤ ያልሠራው ጸሐፊው ነው።

ዝግጅቱ ምንድን ነው? ለኔ ዋናው የተከፈተ በር ነው። ጀግናው መትረፍ፣ መሸሽ ወይም መግደል እየቻለ መሆኑን ተመልካቹ በዓይኑ ማየት አለበት። ይህን ከሃሪ ፖተር መጻሕፍት የበለጠ በጥንቃቄ የሠራ ብዙ አላውቅም። የሃሪ አባት ጄምስና እናቱ ሊሊ በአንድ ሌሊት በአንድ ሰው እጅ ተገደሉ። ሁለቱም ልጃቸውን ለማዳን ነው የቆሙት። ልጁን የጠበቀው ግን የእናቱ ሞት ብቻ ነው። ምክንያቱን ታሪኩ ራሱ ያስቀምጠዋል፦ ጄምስ ያለ አስማት ዘንግ ባዶ እጁን ገጥሞ ተገደለ፣ ትተርፋለህ ያለው አልነበረም። ሊሊን ግን ገዳዩ ቮልደሞርት ዞር በይ ብሏታል፤ ተከታዩ ስኔፕ እንድትተርፍለት ለምኖ ነበርና። ዞር ብትል ኖሮ ትኖር ነበር። አልሄድም አለች። የጥበቃው ኃይል ከዚያ እምቢታ ይመነጫል።

ይህ የተዘራው ለመጨረሻው መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለወጣው። ሃሪ ወደ ጫካው ሲገባ ዘንጉን ልብሱ ውስጥ ያኖረዋል፤ ለሌሎቹ ሊሞት እንጂ ሊዋጋ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ቮልደሞርት በትምህርት ቤቱ ተከላካዮች ላይ የሚጥለው ድግምት አልይዝ ይለዋል። አንባቢ ይህን «ከየት መጣ» አይልም፤ ሕጉን በእናቱ ሞት ተምሮታልና። በኛ ሙያ ንግር የምንለው ይህ ነው፤ የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆም። የማዳኑ ሕግ ጡዘቱ፣ ማለትም የታሪኩ ከፍተኛ ጫፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተነገረ ግን ማታለል ነው፤ ሕዝቡም ይነቃበታል።

ምርጫውም እዚያው ላይ በጥሩ እጅ ተሠርቷል። ትንቢቱ የሚለው በሐምሌ ማለቂያ የሚወለድ፣ ወላጆቹ ቮልደሞርትን ሦስት ጊዜ የተቋቋሙ ልጅ ነው። ይህ መግለጫ ሃሪንም ኔቪል ሎንግቦተምንም ይገልጻል። አንዱን ለይቶ ያጠቃና ምልክት ያደረገበት ጠላቱ ራሱ ነው። ለሚጽፍ ሰው እዚህ ውስጥ ትልቅ ጥቅም አለ፤ «ለምን እሱ?» የሚለው ጥያቄ ከደምና ከዘር ወጥቶ በሰው ድርጊት ይመለሳል። ሌላኛው ልጅም ከንቱ አይቀርም። ከዘር ብቻ የሚመረጥ ጀግና ሲጻፍ የሚበላሸው ይኸው ነው፦ በዙሪያው ያሉት ገፀ ባሕርያት ሁሉ አጃቢ ይሆናሉ፣ እሱም ምንም ሳይወስን ይነግሣል።

ማትሪክስ (1999) ሌላ መንገድ ይዟል፣ እኔ ከሁሉ የምወደው ብልሃት እሱ ነው። ትንቢት ተናጋሪዋ ሴት ኩኪስ እየጋገረች ጀግናውን ኒዮን ታናግረዋለች። የተመረጠው እኔ አይደለሁም የሚለውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው፤ እሷ አዝናለሁ ብላ ታልፋለች። ከዚያ ከአንተና ከመሪህ ከሞርፊየስ ሕይወት አንዱን የምትመርጥበት ጊዜ ይመጣል ትለዋለች። ኒዮ ሞርፊየስን ሊያድን የሚሄደው እንግዲህ እኔ ያ ሰው አይደለሁም ብሎ አምኖ ነው። እንደማይሞት ቢያውቅ ኖሮ ሄዶ መመለሱ ትርዒት ብቻ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሦስተኛው ክፍል ከጠላቱ ከስሚዝ ጋር መዋጋቱን አቁሞ ሲቆምም እንዲሁ፦ አስቀድሞ ሰውን ከሚገዙት ማሽኖች ጋር በሰላም ተዋውሏል፣ አካሉም እነሱ ከተማ ውስጥ ከእነሱ ጋር ተያይዞ ተኝቷል። ስሚዝ ኒዮን ሲውጥ ማሽኖቹ በኒዮ በኩል ስሚዝ ላይ ደርሰው ያጠፉታል። ውሉ አስቀድሞ ባይታይ ኖሮ የሚታየን የደከመው ሰው ብቻ ነበር።

የቀለበቶቹ ጌታ ደግሞ መልቀቅ አቅቶት የወደቀ ተመራጭ ያሳያል፤ እዚህም ነገሩ እጅ ላይ ነው። ቀለበቱን ሊያጠፋ የተላከው ፍሮዶ እሳተ ገሞራው አፋፍ ደርሶ ቀለበቱን አልጥልም፣ የኔ ነው ይላል። ቀለበቱን የሚመኘው ጎለም ጣቱን ነክሶ ቆርጦ ይወስድበትና ከነቀለበቱ ይወድቃል። ዓለሙን ያተረፈው አስቀድሞ ለጎለም የተደረገለት ምሕረት ነው፤ መግደል እየተቻለ የተተወ ነበር። ጀግናችሁ በመጨረሻዋ ሰዓት እንዲወድቅ ከፈለጋችሁ ቀድሞ የሠራው አንድ በጎ ነገር ሊደርስለት ይገባል፤ ያለዚያ ድኅነቱ ዕድል ብቻ ይሆናል።

ዱን የሚያስጠነቅቀው ከዚህ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው ልብ ወለድ ውስጥ ትንቢቱን ከትውልዶች በፊት ሆን ብለው የዘሩት የአንድ ማኅበር ሴቶች ናቸው። ጀግናው ፖል ሕዝቡ የሚጠብቀውን ሰው ሆኖ ሲገኝ፣ ለምርጫው ራሱን መስጠቱ ነው ጦርነቱን የሚያመጣው። ስለ መመረጥ የሚጽፍ ሁሉ «ትንቢቱን ማን ነገራቸው፣ ማንስ ይጠቀማል?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ይኸው ጥያቄ በፍቅር ድራማ ላይ ይብሳል። ሀብታሙ ሰው ከሁሉ መካከል አንዷን ይመርጣል፤ ትቃወማለች፤ ያስገድዳታል፤ በመጨረሻ ልቧ ይሸነፋል። ይህ ብዙ ጊዜ መሥዋዕትነት መስሎ ይቀርባል። አይደለም። ሉክ ሰይፉን ሲጥል ንጉሠ ነገሥቱ ምንም አያተርፍም፤ እዚህ ግን ከመልቀቋ የሚያተርፈው ያስጨነቃት ሰው ራሱ ነው። በሩም ዝግ ነው። ሴት ልጆች የሚያዩት ነገር ስለሆነ ይህን ጸሐፊዎች በቸልታ ማለፋቸው ያሳዝነኛል።

ለሚጽፍ ሰው ልክ ልስጥ። አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነውና፣ መቶ ገጽ ባለው ሥራ የመመረጡ ምልክት ከ15ኛው ገጽ በፊት ይግባ። የመልቀቅ ሕጉን በሌላ ሰው ላይ እስከ 40ኛው ገጽ ድረስ አሳዩ። የተከፈተውን በር ከጡዘቱ በፊት ባለው ትዕይንት በግልጽ አስቀምጡ፤ ጀግናው መውጫውን በዓይኑ ይየው። መልቀቁ ራሱ 85ኛው አካባቢ ሆኖ ንግግር አይብዛበት። የሚበዛው ስህተት ጀግናው ለምን እንደሚለቅ በአንድ ገጽ ንግግር ማስረዳቱ ነው። ሁለተኛው ስህተት በቀጣዩ ደቂቃ ሁሉን መልሶ መስጠት ነው፤ ቢያንስ አንድ ትዕይንት በኪሳራው ይቆይ።

የመጨረሻው የድምፅ ጉዳይ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ መስማት የዕለት ነገር ሆኗልና ተርጓሚዎች ላይ ሥራ በዝቷል። «አይ ሰረንደር» አራት የአፍ እንቅስቃሴ ነው፤ ከንፈር የሚገጥምበት ፊደልም የለውም። «ራሴን አሳልፌ ሰጥቻለሁ» ከዚያ እጅግ ስለሚረዝም ተዋናዩ አፉን ከዘጋ በኋላ ድምፁ ይቀጥላል፤ «አሳልፌ» ላይ ያለችው «ፌ»ም የታች ከንፈርን ትፈልጋለች። «እጄን ሰጥቻለሁ» ያጥራል፣ ትንሽ ፈጠን ቢባል ይገባል፤ ጠመንጃ ለተደቀነበት ወታደርም ትክክለኛው እሱ ነው። ሳይገደድ ለሚለቅ ሰው ግን «ይሁንልኝ» አለ። አራት ነው፣ ከንፈር አይገጥምበትም፣ ማርያም ለመልአኩ የመለሰችው ቃል መሆኑንም ሰሚው ሳይነገረው ያውቃል። ለጠላት ግን አይባልም፤ ሉክን የሚተረጉም ሰው ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ይህን ቃል አፉ ላይ ካኖረበት ትዕይንቱ ተገለበጠ። እዚያ ቦታ ያለው ቃል «አልዋጋም» ነው።