ጠጠሩ ፈላብኝ፣ ስፖንጁን አጠብኩት፦ የ45 ሊትር አኳሪየሜ ሦስት ወር

አኳሪየሜን፣ ማለትም የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳዬን፣ ካቆምኩ ይኸው ሦስት ወር ሞላኝ። መስታወቱ 50 በ30 በ30 ሴንቲሜትር ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 45 ሊትር ይይዛል። አሸዋውና እንጨቱ ቦታ ሲወስዱ፣ ከላይም ትንሽ ሲጎድል፣ እውነተኛው ውሃ ወደ 36 ሊትር ይወርዳል። መድኃኒትም ሆነ የክሎሪን ማጥፊያ ስትለኩ በዚህኛው ቁጥር አስሉ።

ስህተቴ የጀመረው ከታች ነው። ነጭ ጠጠር አይቼ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር ያምራል ብዬ አጥቤ አነጠፍኩት። ደግነቱ ዓሣ ገና አልገባም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ስለካ 7.2 የነበረው 8.1 ደርሷል። ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፤ በማግስቱ ወረደ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ እዚያው። ግራ ሲገባኝ ከጠጠሩ እፍኝ አውጥቼ አደረቅኩና አቼቶ ጠብ አደረግኩበት። ፍሽሽ ብሎ አረፋ አወጣ። ለካ የኖራ ድንጋይ ነው! ውሃው ውስጥ ቀስ እያለ እየሟሟ ፒኤቹንም የውሃውንም ጥንካሬ (ውስጡ የሟሟውን ማዕድን መጠን) ሽቅብ ይገፋዋል። ጠንከር ያለ ውሃ ለሚወዱት ለጋፒና ለሞሊ ዓሦች ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። እኔ ያሰብኩት ግን ኮሪዶራስ የሚባለውን ከታች የሚኖር ትንሽ ዓሣ ነበር፤ ከዚያም በላይ ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ያው የአሞኒያ (ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣ መርዝ) መጠን ዓሣን ይበልጥ ይመርዛል። ስለዚህ ሁሉንም አውጥቼ ከዜሮ ጀመርኩ። ሁለት ደቂቃ የምትፈጀዋን የአቼቶ ሙከራ ከማንጠፌ በፊት ብሠራት ኖሮ ያ ሁሉ ባልዲ ባልተመላለሰ። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ አረፋው ትንሽ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ጠጋ ብላችሁ እዩት።

ሁለተኛ ዙር ላይ ጥያቄውን ገለበጥኩት። የትኛው ያምራል ሳይሆን ማን ነው የሚኖርበት? ኮሪዶራስ ቀኑን ሙሉ አፍንጫውን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ይፈትሻል፣ አሸዋውን ይጎርስና በስንጥቡ በኩል ይተፋዋል። ሹል ጠጠር ላይ ይህን ማድረግ አይችልም፤ አፉ ዙሪያ ያሉት ጢሞችም ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ ለስላሳ፣ ክብ ፍሬ ያለው አሸዋ፣ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 50 በ30 በ4 ሴንቲሜትር 6 ሊትር ይሆናል፣ ይህም ወደ 9 ኪሎ አሸዋ ነው። ከፊት 3፣ ከኋላ 5 ሴንቲሜትር አደረግኩት። አሸዋ በጣም ከወፈረ ታችኛው ክፍል ኦክስጅን አጥቶ ይጠቁርና መጥፎ ሽታ ያለው ጋዝ ይቋጥራል፤ በየሳምንቱ በጣቴ ቀስ ብዬ አነቃንቀዋለሁ። አጠባውን አታሳጥሩት፤ እኔ አሥር ጊዜ አጥቤም ውሃው ለሁለት ቀን እንደ አጥሚት ነበር።

ለዕፅዋት የሚሸጠውን አፈርም አስቤው ነበር። ሥር ላለው ተክል ከአሸዋ ይሻላል፣ ፒኤችንም ዝቅ ያደርጋል። ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሞኒያ ይለቃል፣ ሲቆይ ደግሞ ፍሬው እየላመ ጭቃ ይሆናል። ለጀማሪ ብዙ ጣጣ መሰለኝና ተውኩት። ያለኝ ተክል አኑቢያስ ነው፤ እሱን እንጨት ላይ በክር አስሬዋለሁ። ወፍራም ግንዱ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል።

ወደ ፊልተሩ፣ ወደ ውሃ ማጣሪያው ልምጣ። መጀመሪያ የገዛሁት ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለውን፣ በሰዓት 500 ሊትር የሚገፋውን ነው። ትልቅ ይሻላል ብዬ። ለ36 ሊትር ውሃ በሰዓት 14 ጊዜ መዞር ማለት ነው፤ የተለመደው ግን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ነው። ተክሉ እንደ ባንዲራ ተውለበለበ፣ አሸዋው ተነሥቶ ሞተሩ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ክርክርክር። አወጣሁትና በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ፊልተር አስገባሁ። መልኩ አያምርም፣ እውነት ነው፣ ጥግ ላይ የተረሳ የዕቃ ማጠቢያ ይመስላል። ግን አሸዋ የሚፈጭ ሞተር የለውም፣ ትንንሽ ዓሣም አይውጥም፣ አረፋው የውሃውን ገጽ እያናወጠ ኦክስጅን ያስገባል። አንድ ነገር ብቻ፦ ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በታች ካስቀመጣችሁ፣ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ወለል ላይ ሊፈስ ይችላል። ወይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ወይ ቱቦው ላይ ውሃ የማያስመልስ ቫልቭ ግጠሙ። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ፣ ምክንያቱም ካልሲዬ አንዴ ረጥቧል።

ዓሣ ሳላስገባ አምስት ሳምንት ጠበቅኩ። አሞኒያ ጠብ አድርጌ በየሁለት ቀኑ እለካለሁ። መጀመሪያ አሞኒያው ቆሞ ቀረ፣ ከዚያ ወረደና ናይትራይት ወጣ፣ ከዚያ እሱም ወረደና ናይትሬት መጣ። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት የሚቀይሩት ስፖንጁ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ስድስት ፒግሚ ኮሪዶራስ አስገባሁ።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ በዘጠነኛው ሳምንት ጉድ የሠራሁት። ስፖንጁ ቡናማ ሆኖ ሲያስጠላኝ ቧንቧ ሥር ይዤ ፍትግ አድርጌ አጠብኩት። ነጭ አደረግኩት፣ ኮራሁም። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ በፍጥነት መተንፈስ ጀመሩ። ኮሪዶራስ በተፈጥሮውም ብቅ እያለ አየር ስለሚጎነጭ መጀመሪያ ችላ አልኩት። ስለካው ናይትራይት በሊትር 0.5 ሚሊግራም። የቧንቧው ውሃ ክሎሪንና ፍተጋው አብዛኛውን ባክቴሪያ ይዘውት ሄደዋል። ናይትራይት ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ፣ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ ሆኖ እንኳ ይታፈናል። ለስምንት ቀን በየቀኑ ሲሶውን ውሃ በክሎሪን ማጥፊያ በታከመ ውሃ ቀየርኩ፣ ምግብም ቀነስኩ። አንዱ ሞተ፣ አምስቱ ተረፉ።

አሁን ስፖንጁን የማጥበው ከአኳሪየሙ በቀዳሁት ውሃ ውስጥ ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ፣ በቃ። ቡናማነቱ ይቆይ። ትናንት ደግሞ ሁለተኛ ትንሽ ስፖንጅ ጎኑ ላይ ጨምሬያለሁ። ባክቴሪያ ሲይዝ ሁለቱን በየተራ አጥባለሁ፤ ሌላ ገንዳ ካቆምኩም እሱን ነቅዬ እወስዳለሁ።