ከጅሬን ወደ ኤጂያን ባሕር

ጅማ የገባሁት አመሻሽ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወረድ ሙቀቱ ጉድ ነው።

በማግስቱ ከአክስቴ ልጅ ጋር ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን። አስጎብኚው በጅማ መንግሥት ዘመን ድንበሩ ላይ ኬላ እንደነበረና ነጋዴ ቀረጥ ከፍሎ እንደሚያልፍ ሲነግረን የአክስቴ ልጅ ሳቀ። እሱ የመርከብ መካኒክ ነው። አሁን የአንድ አሜሪካዊ ሀብታም ያት (የግል መዝናኛ ጀልባ) ላይ ይሠራል፤ ለዕረፍት ነው የመጣው።

"ግሪክም ኬላ አለ፤ ገመድ የለውም እንጂ" አለኝ።

ቤት ገብተን አክስቴ ቡና ስታፈላ ወሬው ቀጠለ። ከውጭ የመጣ ያት ወደብ ሲደርስ ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላል። "ገና አልተፈተሽኩም" ማለት ነው። ካፒቴኑ የጀልባዋን መዝገብ፣ ኢንሹራንስና የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ይዞ ይቀርባል። ፍተሻው ሲያልቅ ቢጫው ወርዶ የገባበት አገር ባንዲራ ይሰቀላል።

ገንዘቡ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ባለቤቱ ነዋሪነቱ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆነና ጀልባዋም እዚያው ውጭ ከተመዘገበች፣ ለግል መዝናኛ እስከ 18 ወር ያለ ቀረጥና ያለ ቫት ትቆያለች። ካለፈች ግን ግሪክ 24 በመቶ ቫት ትጠይቃለች። በአንድ ሚሊዮን ዩሮ ጀልባ ላይ አስቡት፤ 240 ሺህ! ስለዚህ ጊዜው ሳይሞላ ኤጂያን ባሕርን አቋርጠው ወደ ቱርክ ይሻገራሉ። እዚያ የወደብ ማኅተም ያስመታሉ፣ የነዳጅ ደረሰኝ ይይዛሉ፣ ተመልሰው ሲገቡ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ሕግ ነው፤ ማጭበርበር አይባልም። እኔ ግን ትንሽ ከነከነኝ።

ደግሞ ሰውየው ራሱ ያለ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ መቆየት የሚችለው 90 ቀን ብቻ ነው። ጀልባዋ ከጌታዋ የበለጠ ተከብራለች።

አክስቴ ሁለተኛውን እየቀዳች "እና ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ቢያመጣትስ?" አለች።

"ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጭና ነው የምትመጣው፣ እማዬ። ዋጋዋ፣ ማጓጓዣዋና ኢንሹራንሷ ተደምሮ ይቀረጣል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት አለ።"

"ይቅርበት በለው" አለች አክስቴ። "ቡናውን ጠጡ፣ ሳይቀዘቅዝ።"