ከአንተ ነው፣ ለአንተም ነው፦ የዒድ አል-አድሐ መልእክት ከጎንደር

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ። እንኳን ለዒድ አል-አድሐ በዓል አላህ በሰላም አደረሰን። ጎንደር ያላችሁ፣ ከጎንደር ወጥታችሁ በየአገሩ የተበተናችሁ፣ ዘንድሮ ሐጅ ላይ ሆናችሁ ዱዓ የምታደርጉልን ሁሉ፣ አላህ ሥራችሁን ይቀበላችሁ። በእምነት ብንለያይም በጉርብትና አብረን ያደግን ክርስቲያን ወዳጆቼ፣ በየበዓሉ ማለዳ ስለምትልኩልኝ መልካም ምኞት ከልብ አመሰግናለሁ።

ሐጅ የሚደረግበት የዙልሒጃ ወር ከገባ ጀምሮ በሰፈራችን የሚነሣው ጥያቄ ብዙ ነው። አንድ በሬ ለሰባት መካፈል ይቻላል ወይ? ዓይኑ የታመመ በግ ለኡዱሒያ፣ ለዒዱ መሥዋዕት፣ ይሆናል ወይ? ከዒድ ሶላት በፊት ያረደ ሰው ምን ያድርግ? ሸይኾቻችን ሳይሰለቹ ይመልሳሉ። በሬ ለሰባት ይበቃል፤ ዕውርነቱ፣ በሽታው ወይም አንካሳነቱ በግልጽ የሚታይ፣ ከክሳቱም የተነሣ መቅኒ የሌለው እንስሳ አይሆንም፤ ከሶላት በፊት የታረደው ለቤተሰብ የቀረበ ሥጋ እንጂ ኡዱሒያ አይባልም።

ይህን መጠየቅ መልካም ነው፤ ዒባዳ (አምልኮ) በዕውቀት እንጂ በግምት አይሠራም። የሚያሳስበኝ ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ በየቤታችን ብዙም አለመሰማቱ ነው። ይህን ሁሉ የምናደርግለት ጌታ ማን ነው? ልጆቻችን የመግሪብ ሶላት ስንት ረከዓ (ስንት ዙር ስግደት) እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሲሳሳቱ እናርማቸዋለን፣ ሲዘገዩ እንቆጣቸዋለን። የሚሰግዱለት አላህ እንዴት ያለ ጌታ እንደሆነ ግን ቁጭ ብለን የምንነግራቸው ስንቶቻችን ነን? አድገው ከእጃችን ሲወጡ መስገጃውን አጥፈው ያስቀምጡትና እኛ እንደነግጣለን። ግዴታውን ሰጠናቸው፤ ባለቤቱን ግን አላስተዋወቅናቸውም።

ቁርኣን ስለ ዛሬው ዕርድ የሚናገረው ይህንኑ ነው። «ሥጋቸውም ደማቸውም አላህ ዘንድ አይደርስም፤ ከእናንተ ዘንድ የሚደርሰው ተቅዋ (አላህን መፍራት) ነው» ይላል (አል-ሐጅ 22፡37)። የተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) ሊቃውንት እንደሚያወሱት ከእስልምና በፊት የነበሩ ዐረቦች የመሥዋዕቱን ደም ካዕባ ላይ ይቀቡ ነበር። አምላካቸው የሚፈልገው ነገር ያለ መስሏቸው ነው። ስለ አላህ ግን «እርሱ ይመግባል፤ አይመገብም» ተብሏል (አል-አንዓም 6፡14)። ከበጋችን ለእርሱ የሚጨመርለት፣ ካለመስገዳችንም የሚጎድልበት ምንም የለም።

የአባታችንን የኢብራሂምን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከቢላዋው ነው። ቁርኣን ግን ከዚያ በፊት የነበረ ሌላ ሌሊት ያሳየናል። ኮከብ ወጣ፤ «ይህ ጌታዬ ነው» አለ። ሲጠልቅ «የሚጠልቁትን አልወድም» አለ። ጨረቃዋም ወጥታ ጠለቀች። ፀሐይም ታላቅነቷን አሳይታ ገባች። ያን ጊዜ ፊቱን ሰማያትንና ምድርን ወደ ፈጠረው ብቻ አዞረ። ብዙ ሊቃውንት ይህን የሰማይ አካላትን ያመልኩ ለነበሩ ወገኖቹ ያቀረበው ማስረጃ ነው ይላሉ። በልጁ የተፈተነው ጌታውን እንዲህ ጠንቅቆ ካወቀ፣ ስለ እርሱም እሳት ውስጥ ከተጣለ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። «አንድ አባት ይህን እንዴት ይችላል?» እያሉ የሚጠይቁ ሰዎች አጋጥመውኛል። መልሱን በዚያች አንዲት ቀን ውስጥ ብቻ ከፈለጉት አያገኙትም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ውስጥ ነው ያለው። ልጁም «አባቴ ሆይ፣ የታዘዝከውን ፈጽም፤ አላህ ቢሻ ከታጋሾች ሆኜ ታገኘኛለህ» ያለው እንዲህ ባለ አባት እጅ ስላደገ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚይዘው ግን የእናታችን የሐጀር ንግግር ነው። ኢብራሂም እርሷንና ጡት የሚጠባውን ኢስማዒልን ሰውም ውሃም በሌለበት በመካ ሸለቆ ትቷቸው ሲሄድ ተከተለችው። «ማንም በሌለበት በዚህ ሸለቆ ትተኸን ወዴት ትሄዳለህ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችው፤ ዘወር ብሎም አላያትም። በመጨረሻ «በዚህ ያዘዘህ አላህ ነውን?» አለችው። «አዎን» አላት። «እንግዲያውስ እርሱ አይጥለንም» ብላ ወደ ልጇ ተመለሰች። በዚያ ሰዓት የነበራት አንድ አቁማዳ ውሃና ጥቂት ተምር ብቻ ነው። ይህን ቃል ያናገራት ስንቋ አልነበረም። ውሃው ሲያልቅም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። ዘምዘም የተገኘው ደግሞ ከሁለቱ ኮረብታዎች በአንዱ አልነበረም፤ መልአኩ ቆፍሮ ያፈለቀው ሕፃኑ ካለበት አጠገብ ነው። ዛሬ ሐጅ ላይ ያሉት ሚሊዮኖች፣ ነገሥታትም ጭምር፣ የእርሷን ዱካ ተከትለው ይመላለሳሉ። አላህን ማወቅ እግር እንደማያስር፣ ሩጫም በአላህ መመካትን እንደማይሽር ከሐጀር በላይ ያስተማረኝ የለም።

አላህን በግማሽ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ያሳዝኑኛል። አንዷ እናት ልጇ በታመመ ቁጥር «አላህ ተበቀለኝ» እያለች ታለቅሳለች። ሌላው ደግሞ የወንድሙን የሙት ልጆች ውርስ ይዞ «አላህ መሓሪ ነው» ይላል። ለመጀመሪያዋ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በምርኮኞች መካከል ልጇን ስትፈልግ የነበረችውን ሴት ያሳዩአታል። ያቺ ሴት ልጇን ባገኘችው ጊዜ ደረቷ ላይ ለጥፋ አጠባችው። «ይህች ሴት ልጇን እሳት ውስጥ ትጥላለችን?» ብለው ባልደረቦቻቸውን ጠየቁ። «ላለመጣል እስከቻለች ድረስ አትጥለውም» አሉ። «አላህ ለባሮቹ ይህች ለልጇ ካላት ርኅራኄ የበለጠ ርኅሩኅ ነው» አሏቸው። ለሁለተኛው ደግሞ ቁርኣን ሁለቱን አንቀጾች አያይዞ ይነግረዋል፦ «እኔ መሓሪው አዛኙ እኔው መሆኔን ለባሮቼ ንገራቸው፤ ቅጣቴም አሳማሚ ቅጣት መሆኑን» (አል-ሒጅር 15፡49-50)። ተስፋም ፍርሃትም የሚገባው አንድ ጌታ ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን የጣለ ሰው የሚያመልከው ራሱ የሣለውን ነው።

ስለ ግዴታችን ሳስብ የነቢዩ ባልደረባ ሙዓዝ ኢብን ጀበል የተረከው ሐዲስ (የነቢዩ ንግግር) ይመጣብኛል። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኋላ በአንድ አህያ ላይ ተፈናጦ ሳለ ጠየቁት፦ «ሙዓዝ ሆይ፣ አላህ በባሮቹ ላይ ያለው መብት ምን እንደሆነ ታውቃለህን?» «አላህና መልእክተኛው ያውቃሉ» አለ። «ሊያመልኩትና በእርሱ ምንንም ላያጋሩ ነው» አሉት። ቀጥለው ያሉት ነው ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ፦ «ባሮቹስ በአላህ ላይ ያላቸው መብት ምን እንደሆነ ታውቃለህን? በእርሱ ምንንም የማያጋራን ላይቀጣ ነው።» ማንም የማያስገድደው ጌታ በራሱ ላይ ለባሮቹ መብት ጻፈላቸው! ሙዓዝ «ለሰዎች ላብሥራቸውን?» ቢል፣ በዚያ ተመክተው ሥራ እንዳይተዉ ሲሉ ከለከሉት። ዕውቀት ደብቆ መሞትን ፈርቶ የተናገረው በዕድሜው መጨረሻ ነው።

እንግዲህ የግዴታዎች ሁሉ ራስ ተውሒድ፣ አላህን ብቻ ማምለክ፣ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአላህ ማጋራት (ሽርክ) ስንባል የሚታየን ጣዖት ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ለተከታዮቻቸው አብልጠው የፈሩላቸው ትንሹን ሽርክ፣ ለይታይልኝ መሥራትን ነው። ያረድነውን በሬ ከነደሙ ፎቶ አንሥተን፣ ለድሃ የሰጠነውን ሥጋ ከተቀባዩ ፊት ጋር አድርገን በስልካችን ስናሰራጭ የማንን ዓይን እየፈለግን ነው? አላህ ካየው የማን ማየት ቀረን? እጁን የዘረጋው ሰው ፊትማ አደራ ነው። እባካችሁ፣ በዚህ በዓል ይቅርብን።

አምስቱን የእስልምና ማዕዘናት ልዘርዝር አልፈልግም፤ ሕፃናቱም በቃላቸው ያውቋቸዋል። ስለ ሶላት ግን በጎንደር የሙስሊሞች ሰፈር በአዲስ ዓለም ያየሁትን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1668፣ በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ በጉባኤ ከተወሰነ በኋላ አባቶቻችን በቃሃ ወንዝ በኩል ወዳለው ታችኛው ሰፈር ወረዱ። ነጋዴና ሸማኔ ሆነው ኖሩ፤ አዛኑም አልተቋረጠም። በዚያ ሰፈር አንድ አዛውንት ሸማኔ ነበሩ። የአስር (የከሰዓት በኋላው ሶላት) አዛን ሲሰማ መወርወሪያውን ከድሩ ላይ፣ ከደረሰበት ቦታ ያኖሩታል፤ እስከ ዳር አያደርሱትም። እግራቸውን ከሸማ ሥራው ጉድጓድ አንድ በአንድ ያወጣሉ፣ ጉልበታቸውን አሸት አሸት ያደርጋሉ፣ ከጀሪካኑ ጥቂት ውሃ በጣሳ ቀድተው ውዱእ (የሶላት ትጥበት) ያደርጋሉ። ውሃ በምትቸገር ከተማ ስለሚኖሩ ብቻ አይመስለኝም የሚቆጥቡት፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ እፍኝ መስፈሪያ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። አንድ ቀን «ያቺን መስመር ጨርሰው ቢነሡስ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ የጠራኝን እያወቅሁ አንድ ክር ልጨምር ማለት ነውር ነው» አሉኝ። የሚሰግዱበት አጎዛ ካረዱት ኡዱሒያ የቀረ የበግ ቆዳ ነበር፤ ግንባራቸው የሚያርፍበት ስፍራ ጠጉሩ አልቆ ተልጧል።

ከሶላት ቀጥሎ ግን ሰው አለ። በሐዲስ አል-ቁድሲ፣ ነቢዩ የአላህን ቃል በሚያስተላልፉበት ሐዲስ፣ አላህ በትንሣኤ ቀን «የአደም ልጅ ሆይ፣ ታመምሁ፣ አልጠየቅኸኝም» ይላል። ሰውየው «አንተ የዓለማት ጌታ ሆነህ እንዴት እጠይቅሃለሁ?» ቢል፣ «ባሪያዬ እገሌ ታሞ እንደነበረ አላወቅህምን? ብትጠይቀው ኖሮ እርሱ ዘንድ ታገኘኝ ነበር» ይለዋል። ሁልጊዜ እርሱን የት እናገኛለን እንላለን፤ አድራሻውን እርሱ ራሱ ነገረን። በእኛ ከተማ ከገጠር ታማሚ ይዘው መጥተው በሆስፒታል አካባቢ ደጅ የሚያድሩ አስታማሚዎች አሉ። ዛሬ የዒድ ሥጋ የሚያበስልላቸው ቤት የላቸውም። ከጎረቤቶቻችንም ብዙዎቹ በሃይማኖት የተለዩ ናቸው፤ የየራሳችንን ዕርድ ብንበላም ቡናውና ዳቦው የጋራ ነው። «ጎረቤቱ ከክፋቱ ያልዳነ ሰው በአላህ እምላለሁ አላመነም» ብለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ጊዜ ሲምሉ ጎረቤቱ ሙስሊም ከሆነ ብለው አልለዩም። ከተማችን ክፉ ቀናት አይታለችና ይህን ሐዲስ ለልጆቻችን ከፍ ባለ ድምፅ እናንብብላቸው።

አሁን ወደ ዕርዱ። ቢላዋውን አስቀድማችሁ ሳሉት፤ እንስሳው እያየ አይሳል፣ አንዱም በሌላው ፊት አይታረድ። በግራ ጎኑ በቀስታ አስተኙት፣ ወደ ቂብላ (ወደ ካዕባ አቅጣጫ) አዙሩት። ልጆቹን ከሩቅ አታባርሯቸው፤ ቀርበው የምትሉትን ይስሙ። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር። አላህ ሆይ፣ ይህ ከአንተ ነው፣ ለአንተም ነው።» ከዚያ የሰሙትን አስረዷቸው። በጉን የፈጠረው እርሱ፣ የገዛንበትን ገንዘብ የሰጠን እርሱ፣ እጃችንን ያበረታው እርሱ ነው፤ እኛ የእርሱኑ መልሰን ስንሰጠው እንደ ስጦታ ይቀበለናል፣ በላዩም ምንዳ ይጽፍልናል። ልጅ ይህን ከገባው ስለ አላህ ብዙ ገብቶታል።

የአራጁን ዋጋ ከኪሳችሁ ክፈሉ፤ ከሥጋውም ከቆዳውም በደመወዝ አይሰጥም። ሥጋውን ለቤታችሁ፣ ለዘመድና ለጎረቤት፣ ለችግረኛ አካፍሉት፤ የችግረኛው ድርሻ አጥንት ብቻ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ተክቢራው፣ «አላሁ አክበር» ማለቱ፣ እስከ ዙልሒጃ 13 የአስር ሶላት ድረስ ስለሚቀጥል ከየሶላቱ በኋላ አትርሱት። በሕይወት የሌሉ ወላጆቻችንን፣ የታሰሩትን፣ የተፈናቀሉትን፣ የጠፋ ሰው የሚጠብቁትን በዱዓችሁ አስቧቸው። እኔንም አስቡኝ።

ተቀበለላሁ ሚንና ወሚንኩም፤ አላህ ከእኛም ከእናንተም ይቀበል። ዒድ ሙባረክ።