ቼሎውን ተከተሉ፦ የሹበርትን የኢ-ፍላት ትሪዮ ቅጂዎች ስታወዳድሩ

የፒያኖ ትሪዮ (ፒያኖ፣ ቫዮሊንና ቼሎ አብረው የሚጫወቱት ሥራ) ቅጂ ስትመርጡ ጆሯችሁን ቼሎው ላይ ጣሉ። ቫዮሊን ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ከላይ ሆኖ ይሰማል፤ ፒያኖም ጉልበት አያጣም። የሚዋጠው ቼሎው ነው፤ የፒያኖው ግራ እጅ የሚውልበት ሰፈር ውስጥ ስለሚዘፍን። በኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ በፍራንዝ ሹበርት ዘመን የነበሩት የቪየና ፒያኖዎች አካላቸው እንጨት፣ ክራቸው ቀጭን፣ መዶሻቸውም ቆዳ የለበሰ ስለነበር ወፍራሙ ድምፃቸው ቶሎ ይጠፋና ለቼሎው ቦታ ይለቅ ነበር። የዛሬው የብረት ፍሬም ያለው ኮንሰርት ፒያኖ ግን ያጓራል። ፒያኒስቱ ግራ እጁን ካላቀለለ፣ ማይክሮፎኑም ወደ ፒያኖው ከተጠጋ፣ ከሦስቱ የምትሰሙት ሁለቱን ብቻ ነው።

ይህን ለመፈተን ከሹበርት ሁለተኛ ትሪዮ (በኢ-ፍላት፣ የሥራ ቁጥሩ ኦፐስ 100 ወይም ዲ 929) የተሻለ ሥራ አላውቅም። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1827 ነው። ስትፈልጉት ኦፐስ 99 ከሚባለው የቢ-ፍላት ትሪዮ ጋር እንዳይምታታባችሁ።

በሁለተኛው ክፍል ጀምሩ። ፒያኖው ለሁለት ባር (የምት ክፍል) በሲ ማይነር፣ በጠቆረው ቅኝት፣ አጠር አጠር ያሉ ኮርዶችን (አብረው የሚመቱ ኖታዎችን) እንደ እርምጃ ይመታል፤ ከዚያ ቼሎው ዜማውን ይዞ ይገባል። ቫዮሊኑ ገና ዝም ብሏል። ዜማው መሐል ላይ ቼሎው ከላይኛው ኖታ አንድ ሙሉ ኦክታቭ (እስከ ስምንተኛው ድምፅ) ወደ ታች ይወድቃል። ሹበርት መነሻ ያደረገው ኢሳክ በርግ የተባለ ስዊድናዊ ዘፋኝ ቪየና መጥቶ ያሰማውን ዘፈን ነው፤ በዘፈኑ ውስጥ ይህ ውድቀት የሚሸከመው ቃል «ደህና ሁን» ነው። ይህን አንድ ቦታ በሦስት ቅጂ ደጋግማችሁ ስሙት። ጥሩ ቼሊስት ታችኛውን ኖታ አይጥለውም፤ እንደ ማሲንቆው ሁሉ የፈረስ ጭራው ክሩን ሳይለቅ ያወርደዋል።

እዚህ ክፍል ላይ በብዛት የሚበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ፍጥነቱ ነው። ሹበርት የጻፈው «አንዳንቴ ኮን ሞቶ» ነው፤ የሚሄድ ሰው እርምጃ ማለት ነው። ለቅሶ ቤት ካስመሰሉት ኮርዶቹ ይበታተኑና ዜማው ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለተኛው የፒያኖው ፔዳል ነው፤ ድምፁን የሚያስረዝመው ይህ መርገጫ ከተረገጠ አጫጭሮቹ ኮርዶች ተያይዘው ጭጋግ ይሆናሉ፣ ቼሎውም እዚያው ይሰምጣል። ቀጥሎ ፒያኖው ዜማውን ሲወስድ አጃቢዎቹ ቫዮሊንና ቼሎ ይሆናሉ፤ ያኔ ኮርዱን ፒያኖው በመታው ልክ ካሳጠሩት ሦስቱ አብረው አስበውበታል ማለት ነው።

ሦስተኛው ክፍል ካኖን ነው፤ ፒያኖው የሚለውን ቫዮሊንና ቼሎ አንድ ባር ዘግይተው ይደግሙታል። ተከታዩ እንደ ቀዳሚው ጎልቶ ካልተሰማችሁ የቅጂው ሚዛን ተዛብቷል።

የመጨረሻውን ክፍል ከመስማታችሁ በፊት ርዝመቱን እዩ። ሹበርት ከኅትመቱ በፊት ወደ 100 የሚጠጉ ባሮችን ቆርጧል፤ የዚሁ ክፍል የመጀመሪያው ምዕራፍ እንዲደገም የሚለውንም ምልክት አንስቷል። ከ13 እስከ 15 ደቂቃ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠው ነው፤ ወደ 20 ደቂቃ ከተጠጋ ሙሉው ነው። ለአሳታሚው ፕሮብስት ቁርጡ በጥብቅ እንዲጠበቅ ጽፎለታል፤ ቢሆንም እኔ ሙሉውን እመርጣለሁ። ከተቆረጡት ቦታዎች በአንዱ የሁለተኛው ክፍል ዜማ ከዚህኛው ክፍል ዜማዎች ጋር ተደራርቦ ይሰማልና፣ ያን ማጣት ያሳዝነኛል።

ከድሮዎቹ የቡሽ ወንድማማቾች (ቫዮሊንና ቼሎ) እና ፒያኒስቱ ሩዶልፍ ሰርኪን እ.ኤ.አ. በ1935 የቀረጹትን አትለፉ። ሸክላው በአንድ ገጽ የሚይዘው አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ስለነበር ክፍሎቹ ተቆራርጠው ነው የተቀረጹት፤ ዛሬ የምንሰማው የተገጣጠመውን ነው። ቅጂው ሞኖ (በአንድ ቻናል የተቀረጸ) ስለሆነ ቼሎውን በቀኝና በግራ ሳይሆን በድምፁ ቀለም ፈልጉት። የሸክላው ሹሹታ ሙሉ በሙሉ የጠፋለትን እትም አልመክርም፤ ሹሹታውን የሚጠርገው ማጣሪያ የቫዮሊኑንም ብርሃን አብሮ ይጠርገዋል። ከኋለኞቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 2008 የቆየው የቦዛር ትሪዮ አለ፤ ሜናኸም ፕሬስለር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፒያኖው ላይ ነበር። የእሱ ግራ እጅ ለቼሎው እንዴት እንደሚለቅ ልብ በሉ።

በስልክ ስፒከር ግን አትፍረዱ። የቼሎ ወፍራሙ ክር 65 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ያን ትንሽ ስፒከር አያወጣውም። ኸድፎን አድርጉ፣ ሹፍልን (ቅደም ተከተሉን የሚያዘበራርቀውን) አጥፉ፣ ድምፁንም ቼሎው ሲገባ በሚመቻችሁ ልክ አስተካክሉና አትንኩት፤ የመጀመሪያውን ክፍል አጀማመር አይታችሁ ካስተካከላችሁት ቀጣዩ ያንስባችኋል።

በዚያው ድምፅ እስከ መጨረሻው ሂዱ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ቼሎው ያንኑ የ«ደህና ሁን» ዜማ በኢ-ፍላት ማይነር መልሶ ያመጣዋል፤ ከዚያ ወደ ብሩሁ ቅኝት፣ ወደ ሜጀር ይገለብጠዋል። ፒያኖው እዚያ ላይ ሳይሸፍነው ያለፈበት ቅጂ ካገኛችሁ እሱን ያዙ።